የአቶ ይገዙ ሳል

አቶ ይገዙ በተማሪነት ስዊድን ገብተው የደን ባለሙያ ሆነው የቀሩ፣ የዛፍን ሕመም ከቅጠሉ አይተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የራሳቸው ጉዳይ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ጥሏቸው ጠፋ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 መከር ላይ ሐኪም የደም ግፊት ኪኒን አዘዘላቸው። ጥቂት ቆይቶ ደረቅ ሳል ጀመራቸው። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ጉሮሮን እየኮረኮረ ይመጣል። ዝንጅብሉም ማሩም አልመለሰውም።

ታላቅ ወንድማቸውን የቀበሩት በሳንባ ነቀርሳ ነው። ስለዚህ ለማንም ሳይተነፍሱ በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ኩባያቸውን ለዩ፤ ቤተ ክርስቲያንም የኋላውን ጥግ ያዙ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሰው ሲመክሩ ኖረው ለራሳቸው ረሱት።

የከፋው ነገር፣ ኪስታ በሚባለው ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ሩታ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች። አያት ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው መርቀው ይመለሳሉ። ሕፃኑን ስትዘረጋላቸው እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። የልጁ አባት ስዊድናዊ ነው፤ ጋብቻቸውም በቤተ ክርስቲያን አልተፈጸመም። ሩታ ነገሩን ከዚያ ጋር አያያዘችው። በኋላ ልጁን መዘርጋቱን ተወች። እሳቸውም ይህን ልብ ብለው ባቡር ውስጥ አለቀሱ።

ጥር ላይ ግፊታቸውን ሊለኩ ሄደው ነርሷ ክንዳቸውን ስታስር ሳሉ መጣ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብትጠይቃቸው የወንድማቸውን ነገር ሁሉ ዘረገፉት። እሷ አዳምጣ ስታበቃ ስለ ኪኒኑ ጠየቀቻቸው። ደረታቸው ራጅ ተነሥቶ ሳንባቸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ይህ ዓይነቱ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ ነግሯቸው በሌላ ለወጠላቸው። ሳሉ እስኪለቅ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል፣ ወደፊትም የተሰማቸውን ሁሉ መጥተው እንዲናገሩ፣ ኪኒኑን ግን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ አስጠነቀቃቸው።

ከዚያ በቀጥታ ኪስታ ሄዱ። ሩታ በሩን ስትከፍት ካፖርታቸውን አወለቁ።

«ሩታዬ፣ እስቲ ልጁን ስጪኝ።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አለች በስዊድንኛ፣ ካለችበት ሳትነቃነቅ።

«የሳንባ ነቀርሳ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። እንዳላስይዘው ፈርቼ ነው። ለካ ሳሉ የኪኒኑ ነው።»

«ፓፓ፣ እኔ እኮ የጠላኸው መስሎኝ ነበር» አለች፤ ይህንን ያለችው በአማርኛ ነው።

ሕፃኑን ታቀፉት። ወዲያው ሳሉ መጣባቸውና እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሳሉ ካለፈም በኋላ እዚያው እንደዞሩ ቀሩ። ሩታ ትከሻቸውን ይዛ መለሰቻቸው።