አሚን ያላልኩበት ምርቃት

አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ዛሬ ከቤቷ የተላከላትን ጥንቅሽ አካፈለችን። ልጣጩን በጥርሴ ስገፍፈው ያ ጣፋጭ፣ እርጥብ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ባንዴ ከሚሴ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

አጠገቤ ሁለት የዶርም ልጆች ይከራከሩ ነበር። «ቴሌግራም ላይ ምን አራት ነጥብ ትቆጥሪያለሽ? ገብቶሽ የለ!» አለች አንዷ። ሌላዋ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንቺ ፍረጂን፤ የሰዋስው ሰው አንቺ ነሽ።» አፌ በጥንቅሽ ተሞልቶ ነበር፤ ሌላ አንጓ ቆረጥኩ።

ነገሩ የሆነው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአባቴን እህት በኦሮምኛው አዳዳ እንላታለን። እሷና ቤተሰቧ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ማሽላ ያርሳሉ። ጥንቅሹ ሲደርስ ከማሽላው መሃል እየመረጠች ትቆርጥና አስራ በሚኒባስ ትልክልን ነበር። ፊደል የቆጠረችው በትልቅነቷ ነው፤ ልጇ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ከልጇ ደብተር ላይ። ስልክ ከያዘች ወዲህ በቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ ሥራዋ አንድ ነበር፤ በየጁምዓው ጠዋት እኛን መመረቅ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ እጅ ይዘረጋል፣ አሚን ይባላል፤ ሌላ ቃል ጣልቃ አይገባም። ግሩፑም እንደዚያው ነበር። እሷ ስትጽፍ አባቴ፣ ባቲ ያለው አጎቴና ልጆቹ ከሥር አሚን፣ አሚን እያሉ ይደረድራሉ።

በዚያ ሰሞን የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ አንብበውልኝ ነበር። ሙገሳው ገና ከጆሮዬ አልወጣም። አዳዳ በጁምዓው እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጁምዓ ሙባረክ ልጆቼ ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው ረቢ እንደሱ ፍሬ ይስጣቹ ነጋ ተኣ»

ረቢ ፈጣሪ፣ ነጋ ተኣ ደግሞ በሰላም ሁኑ ማለት ነው። እኔ ግን ሙሉውን ገልብጬ አረምኩት። ነጥቦቹን ጨመርኩ፤ ረቢንና ነጋ ተኣን «ሁለት ቋንቋ አይደባለቅም» ብዬ አወጣኋቸው። ከሥሩ «ስድስት ስህተት» ብዬ ጻፍኩና አባቴ እስኪያመሰግነኝ ጠበቅሁ።

የአጎቴ ልጅ ቀደመው፤ «ቲቸር፣ አዳዳ አለፈች ወደቀች?» እህቱ የሚስቁ ፊቶች ደረደረች። በዚያን ቀን አሚን ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አባቴ ከሶላት ሲመለስ ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«የኔ ልጅ፣ ዱዓ ይታረማል እንዴ?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እርማቴን ከግሩፑ ላጠፋ ስልኬን ሳነሳ አዳዳ ቀድማኝ ነበር። «እሺ ልጄ» ብላለች፤ ሌላ ምንም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ግሩፑ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ባለውም። ጥንቅሹ ግን በጊዜው መጣ፤ ይዛው የመጣችው ልጇ ነበረች። «እማ እኮ የጁምዓውን ምርቃት ሐሙስ ከሰዓት ነበር መጻፍ የምትጀምረው» አለችኝ እየሳቀች። «አንዱ ፊደል ሲጠፋት ላሳያት ስል፣ ተይኝ ራሴ ላግኘው ትለኛለች።» የያዝኩትን አገዳ መላጥ አቃተኝ።

ጨፋ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ምን አጠፋሽ? የተማርሽውን ነው ያልሽው» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስሰናበታትም በአፏ መረቀችኝ፤ ጎረቤት እስኪሰማ አሚን አልኩ። ግሩፑ ላይ ግን ተመልሳ አልጻፈችም።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ክርክሩን ትቼ ወጣሁና ግሩፑን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ገፋሁት። ያ ምርቃት እዚያው አለ። ከሥሩ «አሚን፣ አዳዳ። ምርቃትሽ ናፍቆኛል» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ መልሷ መጣ። «ውድ የወንድሜ ልጅ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ስላስታወስሽኝ አመሰግናለሁ። በትምህርትሽ በርቺ።»

ወዲያው ልጇ ለብቻዬ ጻፈችልኝ፤ «እማ አንድም ስህተት እንዳይኖረው ብላ ሦስቴ አስጻፈችኝ ሃሃሃ»

መልሱን ደጋግሜ አነበብኩት። ረቢ የለም። ነጋ ተኣ የለም። የጎደለ ነጥብ እንኳ ፈለግሁ፤ አጣሁ። አሚን የምልበት ቦታም አጣሁ።