የሣር መኪናዋና የሌንሳ መንጋጋ

ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። ልጄ ሌንሳ ማንጎ ልትገምጥ አፏን ከፈተች፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ማንጎውን አስቀመጠችና ጉንጯን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች። እንደገና ሞከረች። አልከፈት አለ።

«ምነው፣ ተደብቀሽ ጫት ጀመርሽ እንዴ?» አልኳት። በከተማችን በጭሮ መንጋጋዬን ደከመኝ ያለ ሰው እንደዚህ ይቀለድበታል። እኛ ደግሞ ጸሎት ቤት የምንሄድ ሰዎች ስለሆንን ጫት ደጃችንን አልፎ አያውቅም።

ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን አልሄደም። ከንፈሯ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ተስቦ ቀረ። ዓይኗ አይስቅም። ዓይኗ ፈርቷል።

«እማ፣ አንገቴም አልዞር አለኝ» አለች፣ ጥርሷን እንደገጠመች።

ያኔ አደጋው ገባኝ። የበሽታውን ስም አላውቅም፤ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከእግሯ ነው። እግሯን ያቆሰልኩት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሰው አጠገብ ለተቀመጠና የሣር መኪና ለሚነዳ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

የምሠራው አንድ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ነው። ሣሩን ለብዙ ዓመት በማጭድ ሳጭድ ኖሬ አንድ ቀን በእርዳታ ሣር የምታጭድ መኪና መጣች። ተቀምጠው የሚነዷት ናት። መሪ የላትም። በግራና በቀኝ ሁለት ዘንግ አላት፤ ሁለቱን ሲገፉ ወደ ፊት፣ ሲስቡ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ አንዱን ገፍተው ሌላውን ከሳቡ ባለችበት ቦታ ትሽከረከራለች። ወንዶቹ ተራ በተራ ሞከሯት። አንዱ አጥር ውስጥ ገባ፣ አንዱ ቦይ ውስጥ። ለእኔ ቀረች። የግቢው ዘበኛ ኦቦ ሙሜ «መሪ የሌለው መኪና ለሴት ተሰጠ፤ እንግዲህ አጥሩን አላህ ይጠብቀው» አሉ። «እርስዎ በሩን ይጠብቁ፣ አጥሩን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። ባለችበት ሳዞራት ሠልጣኞቹ ሁሉ ቆመው ያዩኝ ነበር። ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እኛ አገር ሣር አይጣልም። በሬ የሚያደልብ ሰው ሣር በእጁ እፍኝ እፍኝ ሰብስቦ ነው የሚያበላው። የመኪናዋ ሣር መውጫ ቀኝ ጎኗ ላይ ነው፤ ከላዩ ወደ ታች የሚደፋ ወፍራም ክዳን አለው። ክዳኑ ሣሩን መሬት ለመሬት ይበትነዋል፤ የተበተነ ደግሞ ለመልቀም አይመችም። ስለዚህ ክዳኑን ወደ ላይ ሰቅዬ በገመድ አሰርኩት። ሣሩ ራቅ ብሎ እየተወረወረ ይከመራል፣ ሌንሳ ከኋላዬ እየተከተለች ለበሬያችን በጆንያ ትሰበስባለች። አነዳዷን ያስተማረን ሰው «ይህን ክዳን የሚነካ ሰው መኪናዋን አይንዳ» ብሎን ነበር። ሰምቻለሁ። አያስፈልግም ብዬ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ስምንት ቀን በፊት፣ ዝናብ አባርቶ ሣሩ አድጎ፣ ግቢው ውስጥ ካለ የድሮ ግንባታ ጥግ እያጨድኩ ነበር። ፍየልና አህያ የሚውልበት ቦታ ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ ከሥሯ የሚሽከረከረውን ማጨጃ ቢላ ሳላጠፋ እንደልማዴ ባለችበት አዞርኳት። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ በአንድ ትንፋሽ ቀኝ ጎኔ ሆነች። ቢላው ጢን አድርጎ አንድ ነገር በክፍቱ መውጫ ሲወረውር ሰማሁ። ሌንሳ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ቅልጥሟ ላይ ምስር የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ደሙም ትንሽ። ከጄሪካኑ ቤንዚን አፈሰስኩበት። ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ቤንዚን የማይገድለው ነገር የለም ይላሉ። በጨርቅ አሰርኩትና «ማንም ቢጠይቅሽ እሾህ ነው በይ» አልኳት። መኪናዋ ስትሠራ የውጭ ሰው ሜዳው ላይ መገኘት ክልክል ነው። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ለምንም ሌላ አይደለም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ድምፄን ሰምተው መጡ። የሌንሳ ጀርባ ሲወጠር አዩና አፋቸውን ያዙ።

«ይሄ የሐኪም አይደለም» አሉ። «መርፌ ከነካት ትሞትብሻለች።»

«እትዬ፣ ከፈለጉ የልብሷን ቦርሳ ይያዙልኝ፤ ካልፈለጉ ከበሩ ዞር ይበሉልኝ።»

ቦርሳውን ያዙ፤ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሌንሳ ትወጠራለች። እትዬ አስካለ ሾፌሩን ትከሻውን እየነኩ «ቀስ፣ አንተ! እንቁላል የጫንክ ይምሰልህ» ይሉታል። እኔ እጇን ይዣለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች። በምላስ መጫኛው የሌንሳን ጉሮሮ ነካ አደረገች። ሌንሳ መትፋት ሲገባት ነከሰችው። ሐኪሟ ነርሱን ቀና ብላ አየችው።

«እናቴ፣ ልጅዎ በዚህ ወር ውስጥ ቁስል ነበራት?»

«እሾህ ወግቷት ነበር።»

«እሾህ ብቻ?»

ሌንሳ እያየችኝ ነው። ይህ በሽታ ሰውን አያደነዝዝም፤ ሁሉንም ትሰማለች። እኔ ያስተማርኳትን ውሸት ጥርሷን ነክሳ እየጠበቀችልኝ ነበር። ሐኪሟ ቀጠለች፦ «ቴታነስ ይመስለኛል፤ መንጋጋ ቆልፍ። መርዙን የሚያመነጨው ጀርም ቁስሉ ውስጥ ነው። ምን እንደወጋት በእርግጥ ማወቅ አለብኝ።»

ነገርኳት። መኪናዋን፣ ክዳኑን፣ ገመዱን፣ ቤንዚኑን፣ ሁሉንም ነገርኳት። «እሾህ አይደለም። ብረት ይሁን ድንጋይ አላውቅም። የወጋኋት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «ላይ ላዩን አጥቤ ልተወው እችል ነበር» አለች። «አሁን ከፍቼ አየዋለሁ።»

አደንዝዛ ከፈተችው። የጥፍር ርዝመት ያላት የዛገች ሽቦ ወጣች። ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩባት ዓይነት። እውነቱን ባልናገር ኖሮ እዚያው ውስጥ ትቀር ነበር።

ክትባቷን ጠየቁኝ። በሕፃንነቷ አላስጨረስኳትም። ይህንንም ነገርኳቸው። መርዙን የሚያረክሰውን መርፌ ወጓት። ጀርሙን የሚገድል ሜትሮኒዳዞል፣ ውጥረቱን የሚያላላ ዳያዜፓም፣ ኋላም ማግኒዚየም ሰጧት። በአፍንጫዋ የምግብ ቱቦ አስገቡላት። ለብቻዋ ክፍል ሰጧት፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፈነ።

«መቼ ይሻላታል?» አልኩ።

«ሳይሻላት በፊት ይብስባታል» አለች ሐኪሟ። «ነርቭ ላይ የተጣበቀውን መርዝ ማላቀቅ አንችልም። እስኪለቅ ድረስ እሷን ማቆየት ነው ሥራችን። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ንክኪ ውጥረቱን ያስነሳባታል። ጸጥታው መድኃኒቷ ነው፤ እሱን የሚሰጧት እርስዎ ነዎት።»

ማንኪያ ወደቀ። ተወጠረች። ሰው አስነጠሰ። ተወጠረች። የክፍሉ በር ሲከፈት ይጮሃል። በተከፈተ ቁጥር ጀርባዋ ከአልጋው ይነሳል። ታለቅሳለች፤ ድምፅ የላትም። እንባ ብቻ።

ለበሩ መላ ነበረኝ። ለኦቦ ሙሜ ደውዬ ከዕቃ ቤት የመኪናዋን ግሪስ ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ማጠፊያዎቹን በጣቴ ቀባኋቸው። በሩ ዝም አለ። ነርሱ «ይህን በር እንዲጠግኑልን ስንት ጊዜ አመልክተናል» አለኝ።

ሦስተኛው ቀን ከሁሉም የከፋው ነው። ቀትር ላይ ውጥረቱ ያዛት። አልለቀቃትም። ደረቷ አልንቀሳቀስ አለ። ከንፈሯ ጠቆረ። ልጮህ ነበር፤ አልጮህኩም። እየሮጥኩ ሄጄ የሐኪሟን እጅጌ ያዝኩ። ኦክስጅን አደረጉላት። መድኃኒት ጨመሩ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ።

የጠያቂን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ሰው እንደሌለው ይቆጠራል። ስለዚህ ይመጣሉ፤ በቡድን፣ ወተት ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከጸሎት ቤታችን አሥራ አንድ ሰው መጣ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እህታችን፣ ጸሎት ልትከለክዪን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ጸሎት አልከለከልኩም፤ ድምፅ ነው የከለከልኩት። ጌታ በሆድ የተባለውን አይሰማም?»

ተቆጥተው አዩኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከኩ፣ ዝም ብለው። ኦቦ ሙሜ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው መጡ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያዙ። «የሌንሳ እናት፣ በር መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። አንቺ ግቢ» አሉኝ በሹክሹክታ። ከሥራ በወጡ ቁጥር እየመጡ ጠበቁ። የሌንሳ እናት ባለጌ ሆነች ተብሎ ተወራ። ይወራ። ልጄ በሕይወት አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ውጥረቱ እየራቀ መጣ፤ በጥርሶቿ መካከል አንድ ጣት፣ ቆይቶም ሁለት ጣት ማስገባት ቻለች፣ ቱቦው ወጣላትና ሾርባ በቀሰም መሳብ ጀመረች። እኔም ግድግዳውን አስይዤ እንደ ሕፃን አንድ ሁለት እያልኩ በኮሪደሩ ላይ አራመድኳት። የመጀመሪያው ሙሉ ንግግሯ «እማ፣ በሬውን ማን አበላው?» የሚል ነበር። መርፌ ይገድላል ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው ያበሉት። ያለ መርፌ። እንደዚያ ስላት እስኪያማት ሳቀች።

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። ይህ በሽታ አንዴ የያዘውን ሰው ሌላ ጊዜም ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ የዳነም ቢሆን መከተብ አለበት። ሌንሳ የመጀመሪያውን እዚያው ወሰደች፤ ሁለተኛውን ከወር በኋላ፣ ሦስተኛውን ከብዙ ወራት በኋላ እንድትወስድ ተቀጠረች። እኔንም ክንዴ ላይ ከተቡኝ።

ወደ ሥራ ስመለስ መጀመሪያ አስተዳዳሪው ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ከዚያ «መኪናዋ ዕቃ ቤት ትግባ፣ ወደ ማጭዱ ተመለሺ» አለኝ።

«አልመለስም» አልኩት። «መኪናዋ ምን አጠፋች? ያጠፋው ክዳኑን የሰቀለው እጅ ነው። ያ እጅ አሁን ከማንም በላይ ያውቃል።»

የመኪናዋን ቁልፍ ገፋ አደረገልኝ።

አሁን እንዲህ ነው የምነዳው። አስቀድሜ ሜዳውን በእግሬ እዞራለሁ፤ ሽቦ፣ አጥንት፣ ጠርሙስ፣ ድንጋይ እለቅማለሁ። ክዳኑ ወርዶ በቦታው ካልሆነ ሞተር አላስነሳም። ሜዳው ላይ ሰው ካየሁ ቢላውን አጠፋለሁ፤ አስተዳዳሪው ራሱ ቢሆን። የምትሽከረከር መኪና ኋላ የላትም፤ ሁሉም አቅጣጫዋ ቀኝ ጎኗ ሊሆን ይችላል። ተዳፋቱንና የቦዩን ዳር ለማጭድ ትቻለሁ፣ እዚያ ትገለበጣለች። እርጥብ ሣር ሲጠቀጠቅባት ቢላውን አጥፍቼ፣ ፍሬን ይዤ፣ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከትቼ፣ ቢላው መቆሙን አይቼ ነው የምወርደው፤ ከሥሯ ስጠርግ ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን የካንዴላ ገመድም እነቅላለሁ፣ እጄን ሳይሆን እንጨት ነው የምሰድደው። ቤንዚን ሞተሩ ሲበርድ እሞላለሁ፤ ቁስል ላይ አላፈስም። ሳምንት በሳምንት ዘይቷን፣ ቀበቶ የመሰለውን ቺንጋዋን፣ የጎማዋን ነፋስ፣ የቢላዋን ብሎን አያለሁ። ሰው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ ነገር ወንበሩ ሥር አለ። አንድ የባጃጅ መካኒክ «የወንበሩን ገመድ ቆርጬ ላገናኝልሽ፣ እየጠፋ አያስቸግርሽ» አለኝ። «ሰውዬ፣ ያን ገመድ ከነካህ አልለቅህም» አልኩት። የበሬውን ሣር መኪናዋ ከቆመች በኋላ በመንሽ እንሰበስባለን። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

ፈሪ ሆንሽ ይሉኛል። አዎ፣ እፈራለሁ። እየፈራሁ እነዳለሁ፤ ማንም አያስወርደኝም።

እናንተም በዚህ ቦታ ያላችሁ፣ ቁስል ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ። በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ክትባት ጠይቁ። መንጋጋ አልከፈት ካለ አትጠብቁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩ፤ ሥራችሁን ቢያሳጣችሁም ንገሩ። መርፌ ይገድላል የሚላችሁን ቦርሳ አስይዙት። ክፍሉን ጸጥ አድርጉ፣ ቢጠሏችሁም።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹን፣ ኦቦ ሙሜን፣ እትዬ አስካለን፣ ኮሪደር ላይ ዝም ብለው የተንበረከኩትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ጌታን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ክትባት የወሰደች ዕለት ሐኪሟ ሌንሳን አፏን አስከፈተቻት፣ አንገቷን አዞረች፣ ጠባሳዋን ነካች፣ ካርዱንም ዘጋችው። «ጨርሰናል» አለች። ወጥተን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ከሚኤሶ የመጣ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። እኔ ዘለልኩ። ሌንሳ ንቅንቅ አላለችም፤ «እማ፣ መኪና እኮ ነው» አለችኝና እጄን ይዛ አሻገረችኝ።

ልጄ ድናለች። ከአደጋው ወጥተናል።