ባሕር ያልነው ውሃ

እኛ ዘንድ ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ሁሉ ባሕር ነው። ቦዮም ባሕር ይባል ነበር። ቦዮ ከሆሳዕና ቁልቁል ሲወረድ የሚገኝ፣ ቄጠማ የከበበው፣ በበጋ የሚሸሽ፣ በክረምት እስከ ሰው ማሳ ድረስ የሚመጣ ሐይቅ ነው። ወንድሜን ያጣሁት ባሕር በምትባለው በዚያች ቃል ነው። ዛሬም ስሰማት ታንገሸግሸኛለች።

በደርግ ጊዜ እኔ ሆሳዕና አስተማሪ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ከአባታችን ጋር ሐይቁ ዳር ይኖር ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ከዝዋይ አንዲት የሳንቃ ጀልባ አስመጥቶ ዓሣ አምርቱ ሲል፣ ደፍሮ የያዛት እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ጉማሬ ይፈራል፤ እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ይዞኝ ይወጣል። ከእንሰቱ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር ቆፍረን ትል እንለቅማለን። እሱ ትሉን ከራሱ ጀምሮ መንጠቆው ላይ እንደ ካልሲ ያለብሰዋል፤ የመንጠቆውን ጫፍ ይሸፍንና ጅራቱን ብቻ እንዲወራጭ ይተወዋል። እኔ ሦስት አራት ቦታ ስወጋጋው፣ “አንቺ፣ ብርድ ልብስ እየሰፋሽ ነው እንዴ?” ይለኛል። ለአምባዛ ግን ትል አይበቃም። መሽተት የጀመረ ሳንባ ከሥጋ ቤት አምጥቶ መንጠቆው ላይ በክር ጠፍሮ ያስራል። ከሰሜን የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለው አይነኩትም፤ ስለዚህ ለእኛ ይተርፈን ነበር።

ጀልባዋ ላይ ግን ቀልድ የለም። ዓሣው የሚበዛው ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ አደጋውም እዚያው። ውሃው ከቀላ ደጋው ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ ጎርፉ ሳይደርስ መውጣት ነው። ጉማሬ ቄጠማው ውስጥ ካለ በእሱና በጥልቁ ውሃ መሀል አይገባም። ብንገለበጥ የምንይዘው ባዶ ጄሪካን ክዳኑ ጠብቆ አጠገባችን ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀልባ ላይ አይቆምም። አንድ ቀን ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ያዘልኝና በደስታ ብድግ ስል ቀሚሴን ጎትቶ አስቀመጠኝ። ዓሣው አመለጠ።

“ቁጭ በይ! ዓሣ ነገም አለ!” አለኝ።

ተናድጄ ዳር እስክንደርስ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠራ። አባቴ፣ ሙያው ለማኅበሩ የሚያስፈልግ ሰው ይቀራል የሚል ወሬ ሰምቶ የክት ኮቱን ለበሰና ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ቢሮው ውስጥ ከአውራጃ የመጣ አንድ እንግዳ ተቀምጧል። አባቴ አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ነው፤ ባለሥልጣን ፊት ሲሆን ደግሞ ያልበዋል።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ ባሕር ሰው ነው። ጀልባ ያውቃል። ባሕር ላይ ከሱ ሌላ ሰው የለንም” አለ።

እንግዳው ከወንበሩ ቀና አለ። “ባሕር ያውቃል? እንዲህ ዓይነቱን እኮ ነው የምንፈልገው! ምጽዋ ይሂድ!”

“ጓድ፣ ቦዮን ማለቱ ነው፤ ሐይቁን” አልኩ ቶሎ ብዬ።

እንግዳው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ የሐይቁ ዳር ልጅ ነው። እዚያው እየዋኘ፣ እሱም ባሕር እያለ ነው ያደገው።

“አባትየው ባሕር ነው ካሉ ባሕር ነው” አለና ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ ይቅር አላልኳትም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጸልዪበት ይሉኛል። እጸልያለሁ፤ ይቅር ግን አላልኩም።

ጦርነቱ ሲያልቅ አብሮት የዘመተ የሾኔ ከተማ ልጅ እያነከሰ ቤታችን መጣ። ምጽዋ ሲደርሱ ወንድሜን መጀመሪያ የገረመው ውሃው ነበር አለን፤ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። “መንጠቆ የሚጣለው ሲመጣ ነው ሲሄድ?” እያለ የአገሩን ዓሣ አጥማጆች ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ከተማዋ ልትያዝ ስትል አንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ከአቅሟ በላይ ሰው ተሳፈረ። ተኩሱ ሲቀርብ ሁሉም ብድግ አለ።

“ወንድምሽ ‘ተቀመጡ! ተቀመጡ!’ እያለ ይጮህ ነበር። ማን ይስማው? እኔ ሳንቃ ይዤ ነው የተረፍኩት” አለኝ።

አባቴ ተነስቶ ለእንግዳው የሚበላ ነገር እንዲቀርብ አዘዘ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ መኪና የያዙ ሰዎች ደጃችን ላይ ቆመው፣ “አባባ፣ ወደ ባሕሩ በየት ነው?” አሉት። ሐይቁ ከፊቱ ተዘርግቶ ይታያል።

“ባሕር እዚህ የለም” አላቸው። “እኛ ያለን ውሃ ነው። ባሕር ምጽዋ ነው፤ ልጄ እዚያ ነው።”