ሦስተኛ የወጣው ካሴቴ

ባለፈው እሁድ መሪ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየም ቤታችን ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስታይ ቆይታ፣ «አባዬ፣ ይሄ አልበም ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን ከቻርቱ አልወረደም እኮ!» አለችኝ። የፈረንጅ አልበም ነው። «እና የሌሎቹ ዘፋኞች ጥፋት ምንድነው?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። የማይወርድ አልበም አንድ ጊዜ በራሴ ላይ ደርሶብኛል።

በወጣትነቴ ዘፋኝ ነበርኩ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለኛ ሰፈር ቻርት ማለት ሲግናል አካባቢ የነበረ የአንድ ሙዚቃ ቤት ጥቁር ሰሌዳ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ታዬ በየሰኞው ብዙ የተሸጡትን አምስት ካሴቶች በጠመኔ ይጽፍበታል። አራተኛው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይወርዳል፤ የአንድ አንጋፋ ዘፋኝ ካሴት ግን ሃይስኩል ስገባም አንደኛ፣ ስጨርስም አንደኛ። ጋሽ ታዬ ሌሎቹን ሲያጠፋ እሱን መንካት ስለተወ ጠመኔው ደርቆ ቀለም መስሎ ነበር።

እኔም አንድ ክረምት ካሴት አወጣሁ። የምለማመደው እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ ነበር። የጠዋት ጉም ድምፅ ያለሰልሳል ብሎ ያሳመነኝ ሰው አለ። ያተረፍኩት ጉንፋን ነው። ግማሹን ካሴት የዘፈንኩት በአፍንጫዬ ነው።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ለኔም የአስተማሪነት ቦታ አግኝቶልኛል። ዘፈኑን ግን አልከለከለኝም። «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ስምህ እዚያ ሰሌዳ ላይ ከወጣ፣ ዝፈን። ካልወጣ ጠመኔውን አንተ ትይዛለህ» አለኝ።

ሐምሌ በባዶ አለፈ። ነሐሴ ላይ ጋሽ ታዬ አዝኖልኝ ይሁን በኔ ተስፋ ቆርጦ ዋጋዬን ቀነሰው። አንድ ሰኞ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ በካፊያ ሳልፍ ቀና ብል፣ አምስተኛ ሆኛለሁ! በሚቀጥለው ሰኞ ሦስተኛ።

አባቴን እየጎተትኩ ወሰድኩት። ጃንጥላውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው። «ወጣህ እንዴ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለማላውቅ ለመለየት ትንሽ ቆየሁ። ተከታትለን ገባን። ሻጩ አዲስ ነው፣ ማናችንንም አያውቅም።

«ሦስተኛ የወጣውን ካሴት ስጠኝ» አለ አባቴ።

«እሺ አባባ፣ ግን ከሰዓት ይመለሱ። የሚቀዳ ወረፋ አለ።»

«ምኑ ነው የሚቀዳው?»

«አንደኛው ነዋ! ዋናው ካሴት አልቋል። ይሄ ሦስተኛው ደግሞ ከባዶ ካሴት ይረክሳል፤ ሰው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚያስቀዳው። ክሩን ቢያዩት እኮ አባባ፣ አንደኛ ነው!»

አባቴ ዞሮ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ለኔ ሳይቀዳበት ስጠኝ» አለው።

ሻጩ አዘነለት። «ምንም ሳንቀዳ? እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

መንገድ ላይ አባቴ፣ «ሰሌዳው ላይ ወጥተሃል፤ ቃሌ ቃል ነው። ምርጫው ያንተ ነው» አለኝ። እኔም በሚቀጥለው ሰኞ ሁለተኛ እንዳልወጣ ሰጋሁና አስተማሪነቱን ያዝኩ።

በዚያው ዓመት ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ያ አንደኛው ካሴት ተከፍቷል። ተሳፋሪው አብሮ ያንጎራጉራል፤ እኔም ጭምር። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ለካ የተቀዳው በኔ ካሴት ላይ ነው፤ የኔ ደግሞ ከሱ ትንሽ ይረዝማል። ከአጭር ጸጥታ በኋላ አንድ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ብቅ ብሎ መዝፈን ጀመረ።

«ይሄን ደግሞ ማን ጠራው?» አለ ረዳቱ።

ሾፌሩ እጁን ሰድዶ ካሴቱን ገለበጠው።

«ምነው ልጄ፣ ዘፋኙ ደህና ጀምሮ አልነበር እንዴ፣ ምን ነካው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

«ወራጅ አለ!» አልኩ፣ መውረጃዬ ሳይደርስ።

ይኸው እስካሁን አስተምራለሁ፤ አልከፋኝም። ያ አንደኛው አልበም ዛሬም ካፌውም ሰርጉም ላይ አለ፤ ቢገባውም ነው። ካፌ ውስጥ ሲከፈት ከሰማሁ የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ ትንሽ እጠብቃለሁ። አሁን በካሴት የሚሰማ እንደሌለ፣ ከሱ በኋላ የሚመጣ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ሻዬን ቶሎ አልጨርስም።