የጌትነት ጀርባ

አስማማው ካሜራ ከያዘ ጀምሮ ሰው ሲያዝ ነው የኖረው። ባሕር ዳር ውስጥ የእሱን «ቀና በሉ፤ ትከሻ ዝቅ፤ ፈገግ» ሳይሰማ የተመረቀም የተሞሸረም ጥቂት ነው። በኋላ ግን ሥራው አንገሸገሸው። ሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ፈገግታ ሆነበት። የመንገድ ፎቶ፣ ሰውን ሳይሰናዳ በየመንገዱ ማንሣት፣ ልማር ብሎ ተነሣ፤ አስተማሪው ስልኩ ነበር። ከሰማው ትምህርት ሁሉ አንዲቱን ብቻ ይዞ ቀረ፦ ሰው ካሜራውን ካየ ፎቶው ተበላሸ።

ችግሩ ግን፣ እሱ ራሱ ዓይን አፋር ነው። ሙሽራና ሚዜን እንደ ወታደር የሚያሰልፈው ሰውዬ፣ መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ዞር ካለበት ካሜራውን ጃኬቱ ውስጥ ይወሽቃል። ስለዚህ ከኋላ ማንሣት ለመደ። ሚስቱ ሀኒ ፎቶዎቹን አየችና «አንተ፣ የዚህ ከተማ ሰው ፊት የለውም እንዴ?» አለችው። ሣቀ እንጂ አልታረመም።

ከሁሉ የሚወደው ጌትነትን ማንሣት ነበር። ጌትነት ከዘጌ በኩል እንጨት በደንገል ታንኳ እየጫነ ወደ ከተማው የሚያመጣ ጎልማሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ታንኳውን ሲጎትት፣ ሸክሙን ሲያወርድ፣ አስማማው ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሆኖ ያነሣዋል። አንድ ቀን ጌትነት ነቃበት። አልተቆጣም። ፊቱን በሐይቁ ውሃ ታጥቦ፣ እጁን በቁምጣው ጠራርጎ መጣና ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ጀርባዬ ምን ያደርግልሃል? እንዲህ አንሣኝ። ለእናቴ እወስድላታለሁ።»

አስማማው እንደዚያ የቆመ ሰው ስንቱን አንሥቷል! አሁን ግን ተምሯላ።

«እንዲህ ከቆምህ አያምርም። ሌላ ጊዜ ሳታየኝ አነሣሃለሁ» አለው።

ጌትነት ግራ ገብቶት ወደ እንጨቱ ተመለሰ።

ክረምቱ ሲወጣ ጌትነትን ወባ ገደለው። እናቱ እማማ ወለተ ሚካኤል ጠይቀው ጠያይቀው የአስማማው ፎቶ ቤት ድረስ መጡ።

«ከሐይቁ ዳር ፎቶ የሚያነሣኝ ሰው አለ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። በቀብሩ ቀን አልቃሾቹ ፎቶውን አምጪ ቢሉኝ የለኝም አልሁ። የመታወቂያውንም ውሃ በልቶታል። ለአርባው እንኳ ፊቱን ልያዝለት ብዬ መጣሁ።»

አስማማው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ፈለገ። ጀርባ። ማጅራት። ጎንበስ ያለ ትከሻ። አንድ ጉንጭ እንኳ ቢያገኝ ምን ነበረበት፤ አላገኘም። ያን ሰዓት ያፈረውን ያህል በዕድሜው አፍሮ አያውቅም። ከሁሉ የሚኮራበትን፣ ጌትነት ወደ ሐይቁ ዞሮ የቆመበትን አተመላቸው።

«ያለኝ ጀርባው ብቻ ነው፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ወለተ ሚካኤል በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«ትከሻው ነው» አሉ።

ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለው ገለበጡና በነጩ በኩል ፊቱን ፈለጉት።