ጂጂጋን ውሃ ላይ የገለበጥኳት ዕለት

«መምህሩ በውሃ እጥረት ወቅት አንድ ገንዳ ሙሉ ንጹሕ ውሃ በቀለም ስላበላሹ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።»

የቀበሌው ደብዳቤ ቃል በቃል ይህ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። «የመጨረሻ» ይላል... የመጀመሪያው መቼ እንደተሰጠኝ አላውቅም። የሆነውን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ እጽፋለሁ፤ አንባቢ ይፍረድ።

የምንኖረው ከመብራት ጣቢያው አጥር ሥር ነው። ባለቤቴ ዘነበች አስም አለባት። በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ነፋስ የለም። የናፍጣው ጭስ ትንሽ ከፍ ይልና እንደ ጣራ ተዘርግቶ ይቀራል። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ሞተር ሊነሳ ነው። የጭስ ማውጫው ይርዘም ብዬ ብጠይቅ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ታደሰ ሳቁብኝ።

«ጓድ መምህር፣ ጭስ መንገዱን ያውቃል። ወደ ሰማይ ነው።»

የፊዚክስ መምህር ነኝ። እንዲህ ተብዬ ዝም አልልም።

ከትምህርት ቤት የመስታወት ገንዳ ተዋስኩ። ከታች ጨው የበዛበት ውሃ፣ ከላይ ጨው የሌለው ውሃ ቀስ ብዬ ሞላሁ። ውሃው ዘነበች ልብስ ሳታጥብ ያጠራቀመችው የራሳችን ድርሻ ነው። በሳንቃ ላይ ገበያውን፣ ጣቢያውን፣ ቤታችንን በእንጨት ቁርጥራጭ ሠራሁና ገልብጬ ውሃው ላይ አንሳፈፍኩት። ጭስ ይወጣል፣ ቀለም ይሰምጣል፤ ስለዚህ ምድር ከላይ፣ ሰማይ ከታች መሆን አለበት። ጨዋማው ውሃ በጠዋት ከቅዝቃዜው በላይ የሚተኛው ሞቃት አየር ነው።

ወተት የምታመጣልን፣ መምህርን እንደ አገሯ «መዓሊም» የምትል ከዲጃ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«መዓሊም፣ አገሩን ዘቀዘቅከው? ሰዉ አይወድቅም?»

«ዝም ብለሽ እዪ።»

«ዋላሂ፣ ግመሎቼ ቢያዩህ አገርህን ከነሰማዩ ይጠጡት ነበር!»

ጓድ ታደሰም በግብዣዬ መጡ። በጣቢያው ጭስ ማውጫ ፋንታ ሳንቃውን በስቼ በሰካሁት የእስክሪብቶ ቀፎ በኩል ቀለም አንጠባጠብኩ... ሰማያዊው ክር እየተጠማዘዘ ወረደ፤ ጨዋማው ውሃ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ያለ ድምፅ ተንጣለለ። ሳንቃውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ነፋስ ሆነ፤ ደመናው የጣቢያውን አጥር አልፎ ቤታችን ላይ አንዣበበ።

ሁላችንም አንገታችንን ጠምዝዘን አጎንብሰናል። የከዲጃ ሻሽ ወለሉን ይነካል። ለጥቂት ጊዜ ክብደታችን የጠፋ፣ ሰማይ ላይ ቆመን የራሳችንን ጣራ የምናይ መሰለኝ... ቀለሙም አይቸኩልም፣ እኛም አንቸኩልም።

ዘነበች መስታወቱን በጣቷ ነካችው።

«እኔ የምነቃው እዚህ ውስጥ ነው» አለች።

ጓድ ታደሰ ቀና አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ። ተሸነፉ ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ጓድ መምህር...» አሉ በጣም ዝግ ብለው፣ «ሰው የሚጠጣው አጥቶ... ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

ወጥተው ሄዱ። ማስጠንቀቂያው ከዚያ የመጣ ነው።

ጓድ ታደሰ፣ ያፈሰስኩት የራሴን ውሃ ነው። እርስዎ ጭስ ሊጨምሩበት ያሰቡት አየር ግን የባለቤቴ ነው። ሞተሩ ከጥምቀት በኋላ እንደሚነሳ ሰምቻለሁ። ማውጫው ይረዝማል ወይስ አይረዝምም? መልሱ በጽሑፍ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ እስከ ከተራ ጠዋት ድረስ ይድረሰኝ።

«እናያለን» የሚል መልስ አልቀበልም... አይተዋል።