የአጎቴ ፍየል ያለ አውራ የጸነሰችበት መከር

የሚያውቁት ነገር፣ ሰሚው አጎትዎ ስለሆነ ብቻ፣ ከአፍዎ አልወጣ ብሎዎት ያውቃል? ባለፈው ሳምንት ስለ እንስሳት ርቢ ሳስተምር ተማሪዎቼ አፋቸውን ይዘው ሲስቁ የራሴ ትዝ አለኝ።

ያኔ እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቦት ከተማ የግብርና ተማሪ ነበርኩ። አጎቴ ጋሼ ፈንታሁን ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር ከቤታቸው ጀርባ ቡሬ የምትባል ፍየል ነበረቻቸው። አውራ ፍየሉን ግን ጎረቤት በጠረኑ ስለተማረረ ሸጠውታል። የዘይቱን ሽታ መንገዱን የሚሞላበት መከር ነበር፤ ፍየሎች አውራ የሚፈልጉት ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነውና። ቡሬ ካልጸነሰች ወተቷ ይነጥፋል፤ ከነጠፈ ደግሞ ጋሼ ለሥጋ ሊሸጧት ቆርጠዋል።

ያለ አውራ የማስጸነሱን ዘዴ ተምሬዋለሁ፤ መምህሬም መጥተው ሊሠሩት ፈቅደዋል። ግን ሴት ልጅ ይህን ለአጎቷ በምን አፏ ትናገራለች? ማድቤት ገብቼ፣ ነጭ ሽንኩርት ለሚልጡት ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘውዴ አስረዳሁ። መድኃኒት ያለው ሰፍነግ ፍየሏ ውስጥ ይቆያል፤ ሲወጣ አውራ የምትፈልግበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ።

«ዘውዴ፣ አውራውስ ከየት ይመጣል በያት!»

«አውራ አያስፈልግም ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

«እና በነፋስ ልትጸንስ ነው?»

እትዬ ዘውዴ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ ዝም ብለህ ስማ!»

«ዘሩ ከሌላ አውራ ተወስዶ በብርድ የተቀመጠ ነው። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀልጥና በቀጭን ቱቦ ይገባል ይበሉልኝ።»

«የአውራው እናት ብዙ ትታለብ ነበር ወይ በያት።»

«በደንብ!»

«ቤሰደር፣ እሺ። እኔ ግን እዚያ አልቆምም።»

በቀኑ ቡሬ ተራገጠች፤ እኔንም መምህሬንም አላስጠጋ አለች። በመጨረሻ ጋሼ መጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ቀንዷን ያዙ። እሷም ቀጥ አለች።

«ልጄ፣ ጨረሳችሁ?» አሉኝ፤ በእትዬ ዘውዴ በኩል ሳይሆን ለእኔው።

ለፋሲካ ቡሬ መንታ ወለደች። ጋሼም ለእንግዳው ሁሉ፣ ከሰፍነጉ እስከ ቱቦው፣ ራሳቸው ያስረዱ ጀመር።

ዛሬ የሚገባኝ፣ ይሉኝታ መንገድ ያስረዝማል እንጂ እውቀትን አያግድም። እርስዎም ለመናገር ያፈሩትን አንድ ጠቃሚ ነገር ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ቢቸግር በሌላ ሰው በኩል፣ ለማስረዳት ይሞክሩ። የሚጠይቁዎትንም ልብ ብለው ያዳምጡ።